የአፓ ቀመሩኒሳ ነጭ ጥቅል

ሎሃር ማንዲ በሚባለው ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው መብራት ሲሄድ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ሌላ ሰዓት ይናገራል፤ እሱን የሚያምን ግን እንግዳ ብቻ ነው። መብራት ካለ የሽመና ማሽኖቹ ይንኳኳሉ፤ ማሽን እየተንኳኳ ደግሞ ማንም ሸማኔ ከቦታው አይነቃነቅም። መብራቱ እልም ሲል ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ወንዶቹ በክር ብናኝ የነጣ ቅንድባቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ፤ ግማሾቹ ወደ ሻይ ቤት፣ ግማሾቹ ወደ እኛ። አፓ ቀመሩኒሳ ያኔ ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አውጥተው በሩን እየገፉ፣

«መጡ ደግሞ፣ መብራት ኃይል የላከልኝ እንግዶች» ይላሉ።

አፓ ታላቅ እህት ማለት ነው። የሥጋ ወንድም የላቸውም፤ በዚህ ስም የማይጠራቸው ሰው ግን ከተማችን ቡርሃንፑር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እኔ ተጀሙል ጠራዥ ነኝ፤ ከደረጃቸው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል ሱቄ ናት። የተማሪ ደብተር፣ የነጋዴ መዝገብ፣ የሠርግ አልበም እጠርዛለሁ። የላይኛው ቤት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ እሱን የምሠራው እጄን ታጥቤ ነው።

የላይኛው ቤት መጻሕፍት በፋርስኛና በኡርዱ የተጻፉ ናቸው። ግጥም አለ፣ የመድኃኒት መጽሐፍ አለ፣ ለሹም ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምር አለ፣ ፈረስ ሲያነክስ ምን እንደሚደረግ የሚናገርም አለ። አንዳንዱ በድንጋይ ማተሚያ የታተመ ነው፣ አንዳንዱ በእጅ የተገለበጠ። የድሮ ሸማኔዎች ማኅበር አቋቁመው ከየቤቱ የሰበሰቡት ነው። ሸማኔን ምን ያደርግለታል የሚል ካለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይቀመጥ። እጁ ላይ የማሽን ቅባት ያልለቀቀው ሰው፣ ድሮ ስለሞተ ንጉሥ የአትክልት ቦታ ከጎረቤቱ ጋር ሲጣላ ያያል።

ቁልፉ በፊት የአባታቸው ነበር። አፓ አግብተው አውራንጋባድ ሄደው ነበር፤ ባላቸው በወባ ሲሞት ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ አባታቸው ታመሙ፤ ማኅበሩም «ሰው እስኪገኝ ለጊዜው አንቺ ያዢው» አላቸው። ያ ለጊዜው ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም። ያለቀው ማኅበሩ ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የክር ብናኝ በመስኮትም በበርም ይገባል፤ መጽሐፍ ላይ ይተኛል፣ እርጥበት ይስባል፣ ከእርጥበቱ ኋላ ብል ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ይገለጣል፣ በመሃሉ ብል የሚያርቅ የደረቀ የኒም ቅጠል ይገባበታል፣ ይመለሳል። የመጨረሻው መደርደሪያ ሲያልቅ የመጀመሪያው እንደገና አቧራ ለብሷል። የጥንት ጸሐፊዎች በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የብልና የምስጥ ንጉሥ ነው የሚሉትን ስም ጽፈው አደራ ይሉት ነበር፤ ንጉሡ ከጠበቀው ሎሌዎቹ አይበሉትም ብለው። አፓ ያንን ስም ባዩ ቁጥር፣

«እሱም ሰልችቶት ትቶታል፤ እኔ ብቻ ቀረሁ» ይላሉ።

ደክሞኛል ማለት ልማዳቸው ነው። ሲቀመጡም ሲነሱም ይሉታል፣ ሌላው ሰው ቢስሚላህ እንደሚለው። ጉልበታቸው ስላበጠ ደረጃውን የሚወጡት አንዱን እግር አስቀድመው ሌላውን እየጎተቱ ነው። «ከረመዷን በኋላ ቁልፉን አስረክባለሁ» የሚሉትም በየዓመቱ ነው። ለማን ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፤ የጠየቀ እንደሆነ ቁልፉ ለሱ እንዳይሰጥ ይፈራላ።

እኛ ዘንድ የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መሬት ላይ አይጣልም፣ አይቃጠልም፣ ከጥራጊ ጋር አይሄድም። የፋርስኛም ሆነ የኡርዱ መጽሐፍ ስሙን ሳይጠራ አይጀምርም፤ ስለዚህ ቅዳጁ ሁሉ ክቡር ነው። ድሮ በጀልባ ተወስዶ ታፕቲ ወንዝ ውስጥ ጥልቁ ቦታ ላይ ይሰጥም ነበር። ወንዙ በበጋ ለቁርጭምጭሚት የማይበቃ ከሆነ ወዲህ ግን ይቀበራል። በሻዕባን ወር፣ ረመዷን ሳይገባ፣ አፓ የሚጠገነውን ከማይጠገነው ይለያሉ። ብል ወንፊት ያደረገውን፣ ሲነኩት እንደ ብስኩት የሚፈረፈረውን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያስራሉ። መቃብር ቆፋሪው ሹብራቲ መጥቶ ይወስድና ከመካነ መቃብሩ ጥግ፣ የሰው እግር በማይረግጠው ቦታ፣ እንደ ሰው በክብር ይቀብረዋል።

በዚያ ዓመት ጣጣ ያመጣው ይኸው ነጭ ጨርቅ ነው።

ዲልዳር ቻቻ ሰባን ያለፉ ሸማኔ ናቸው፤ ቻቻ የምንላቸው ለአጎት በሚሰጥ ክብር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽን ሥር ስለኖሩ ጆሯቸው አይሰማም። ይህ በእኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም፤ ብዙ ሸማኔ የሚሰማው በዓይኑ ነው። ማሽኑ እየጮኸ ከንፈር አይቶ ያወራል፤ ሐሜት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያለ ድምፅ ይሻገራል። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። ቻቻ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት፣ በሹክሹክታ የነገሯቸውን ለሰፈሩ ሁሉ ጮኸው ይመልሳሉ።

የቻቻ አባት ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ እየጻፉ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። በተረፋቸው ጊዜ ግጥም ይጽፉ ነበር፣ ኡርዱውንም ፋርስኛውንም። የብዕር ስማቸው «ሺታብ» ነው፣ ችኮላ ማለት ነው፤ አንዲቷን መጽሐፍ ለመጨረስ ግን ዕድሜያቸውን ፈጁ። አልታተመችም፣ ሌላ ቅጂም የላትም። ሲሞቱ ዲልዳር ቻቻ ልጅ ስለነበሩ ከመድረሳ ወጥተው ማሽን ያዙ። ኡርዱ የሱቅ ሰሌዳ ያህል ያነባሉ፣ ፋርስኛ ግን ጨርሶ አያውቁም። መጽሐፏን ከስንዴ ሣጥን ሥር ይዘው ኖሩ።

በብርዱ ወራት አንድ ቀን መብራት ሲሄድ ታቅፈዋት መጡ። እኔም ላይ ነበርኩ።

«ይኸው ልጄ» አሉ፤ አንባቢዎቹ ሁሉ ዞሩ። «ክሩ በስብሶ ቅጠሉ ተበትኗል። አስጠርዢልኝ፣ ከዚያ አንብቢልኝ። አባቴ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። እንደኔ ደንቆሮ ሆኖ አይደለም፤ ዝም ብሎ የማይናገር። ምን ሲያስብ እንደነበር ሳላውቅ ልሞት ነው።»

«መጠረዙን ምን ያስጠብቀናል? ከፈለጉ አሁኑኑ አነብልዎታለሁ» አሉ አፓ።

ቻቻ ከንፈራቸውን አይተው እጃቸውን አወዛወዙ። «አባቴን እንዲህ ተራቁቶ አልሰማውም። መጀመሪያ ልብስ ይልበስ።»

መጠቅለያም ይዘው መጥተው ነበር፣ ከራሳቸው ማሽን የወጣ ነጭ ጨርቅ። ንጹሕ ጥጥ ባለመሆኑ አፍረዋል። «ግማሹ ፖሊስተር ነው፤ ዘመኑ የሚያሠራን እንዲህ ነው» አሉ።

በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ የገጽ ቁጥር የለውም። በየቅጠሉ ግርጌ ጥግ ላይ፣ ቀጣዩ ገጽ የሚጀምርበት ቃል በትንሹ ይጻፋል፤ ቅጠል የተበተነ እንደሆነ የግርጌውን ቃል ከቀጣዩ ራስጌ ጋር እያገናኙ ነው ተራው የሚገኘው። አፓ የብርዱን ወራት ሙሉ በዚህ ሥራ ጨረሱ። ዓይናቸው ይቀላል፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ደክሞኛል ይላሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። መሃሉን ግን አላነበቡም።

«ግርጌና ራስጌ ብቻ ነው የማየው» አሉኝ። «የሰው አባት ነው። ልጁ ሳይሰማው እኔ ምን ቤት ነኝ?»

ሲጨርሱ በቻቻ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ አስረው፣ እንድወስደው ጥግ ላይ አስቀመጡልኝ። ሻዕባን ነበር። ለመቃብር የተዘጋጁት ጥቅሎችም እዚያው ጥግ ላይ ነበሩ።

ሹብራቲ የመጣ ዕለት ሙቀቱ ሰው ያቀልጥ ነበር። ለመቃብር የሚሄደውን ጥቅል ጠባቂው በእጁ ያስረክባል እንጂ ሌላ ሰው ከቦታው አያነሳውም፤ ልማዱ እንዲያ ነው። አፓ ጉልበታቸው አላስነሳ ስላላቸው፣ ወንበር ላይ እንዳሉ እጃቸውን ወደ ኋላ እየሰደዱ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ሰጡት።

ከሳምንት በኋላ፣ አንድ ቀን ዝናብ ጠብ ጠብ ብሎ ባለፈ ማግስት፣ መብራት ሄደና መጽሐፉን ልወስድ ወጣሁ። ጥጉ ላይ የቀረውን ጥቅል ይዤ ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ሳነሳው ነው ክብደቱ ያላማረኝ። ውስጡ የሕፃናት ፊደል ማስቆጠሪያ ቅዳጅና ብል የጨረሰው የመድኃኒት መጽሐፍ ፍርፋሪ ነበር።

አፓ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አዩ።

«በእጄ ነው የሰጠሁት» አሉ። «በገዛ እጄ፣ ቢስሚላህ ብዬ።»

«ሹብራቲስ ቢሆን...»

«ሹብራቲ ምን አደረገ? የተሰጠውን ተቀበለ። አክብሬ አክብሬ ገደልኩት፣ ተጀሙል። በጋዜጣ ጠቅልዬው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ እዚህ ነበር።»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ዲልዳር ቻቻ በሩ ላይ ቆሙ። «ተጠረዘ ወይ?» ብለው ጮኹ።

አፓ የተፈታውን ጥቅል በክንዳቸው ከለሉት። «ሙጫው አልደረቀም፣ ቻቻ።»

«በዚህ ሐሩር? ሙጫውን ከምን ሠራኸው፣ ተጀሙል፣ ከታፕቲ ጭቃ?»

አንባቢዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ።

ሐፊዝ ኑዕማን የመስጊዱም የመካነ መቃብሩም ኃላፊ ነው። አብሮ አደጌ ነው፤ ሁለታችንንም ፊደል ያስቆጠሩን አፓ ናቸው። ቻቻ ሲሄዱ ወደ እሱ ሄድን፤ መስጊዱ በር ላይ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ቆሞ አፓን እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«አፓ፣ የተቀበረ ተቀብሯል» አለ። «መሬት አደራ ከተቀበለ በኋላ ቆፍሬ ባወጣ ሰው ምን ይላል? ኑዕማን መቃብር ከፈተ ነው የሚባለው። የወረቀት ነው የሰው ነው ብሎ የሚለይ የለም።»

«አደራውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፣ መልሱልኝ።»

«መጽሐፉ የእርስዎ ነው?»

አፓ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡ።

ኑዕማን ጢሙን እያሻሸ ትንሽ አሰበ። «የሰው ንብረት መቃብር ውስጥ ከወደቀ መቃብሩ ይከፈታል፤ ይህ በሕጋችን አለ። ግን ባለንብረቱ ራሱ መጥቶ፣ የኔ ነው መልሱልኝ ማለት አለበት። እርስዎ ጠባቂ ነዎት እንጂ ባለንብረት አይደሉም።»

«አውጥተን፣ ጠርዘን ለቻቻ ብንሰጣቸውስ? ሳያውቁት ያልፍ ነበር።»

«ያጠፋ ሰው ራሱ ይናገር ብለው ጆሮዬን የጠመዘዙኝ እርስዎ አይደሉ? እስከ ዛሬ ይሞቀኛል እኮ።»

«ያኔ ጉልበት ነበረኝ» አሉ አፓ። «አሁን ደክሞኛል፣ ኑዕማን።»

«እኔ አላስገድድዎትም። ግን ሰማዩን ይዩት።»

አየነው። በወንዙ በኩል ጠቁሯል።

መብራት መጥቶ ስለነበር ሰፈሩ ይንኳኳል። አፓ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ሸማኔዎቹ መንገድ ታጠፉ።

«መብራት ሲሄድ ቻቻ ራሳቸው ይመጡ የለ?» አልኳቸው። «ለጉልበትዎ ይዘኑለት።»

«ጸጥ ሲል ብነግራቸው ጮኸው ይመልሱልኛል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ማሽኑ እየጮኸ ልንገራቸው። ይቺን ታህል እንኳ ልሸፈን።»

ቻቻ የሚሠሩበት የሽመና ሼድ ውስጥ ድምፁ ጥርስ ያንገጫግጫል። ቻቻ የመወርወሪያውን መመላለስ እያዩ ቆመዋል። አፓ ከማሽኑ ማዶ ፊት ለፊታቸው ቆመው መናገር ጀመሩ። እኔ አንድም ቃል አልሰማሁም። የአፓ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ የቻቻ ዓይን እዚያው ላይ ተተክሎ ሲቀር ብቻ ነው ያየሁት። አልተቻኮሉም፣ አላለቀሱም። አንድ ጊዜ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ፣ ጥቅል እንደሚያቀብል ሰው።

ቻቻ ማሽኑን አጠፉ። መብራት እያለ ማሽን የሚያጠፋ ሸማኔ የለም፤ የሼዱ ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«አባቴን ሁለተኛ ቀበርሽው በይኛ» አሉ። ሌሎቹ ማሽኖች እየጮኹ እንኳ ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ተሰማ። አፓ የፈለጓት መሸፈኛ እዚያው ላይ ቀረች።

አፓ ራሳቸውን ነቅንቀው አዎ አሉ።

«ሙጫው አልደረቀም ያልሽኝስ?»

«ዋሸሁዎት» አሉ አፓ፤ ይህንን እኔም ከከንፈራቸው አነበብኩት።

ቻቻ ከመወርወሪያው ላይ የተንጠለጠለ ክር በጥሰው ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፣ ፈቱት። ከዚያ ሸሚዛቸውን ከምስማሩ አውርደው እየለበሱ፣ «በመጀመሪያው ቀብሩም ዝናብ አጣድፎን ነበር» አሉ። «ነይ፣ ውጪ። ኑዕማን የት አለ?»

ቻቻ መስጊዱ በር ላይ ደርሰው መባል ያለበትን አሉ፤ ከራሳቸውም ጨመሩበት። «የኔ ነው፣ መልሱልኝ። እምቢ ካልክ እዚህ ደጃፍ ተቀምጬ አቤት እላለሁ። ድምፄን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ ቻቻ፣ ድምፅ ማጉያው የተበላሸ ጊዜ አዛኑን ለእርስዎ ልሰጥዎት አስቤ ነበር» አለ ኑዕማን፣ ሹብራቲንም ጠራው።

በእኛ አገር ሴት መካነ መቃብር አትገባም። አፓ ከግንቡ ውጭ ቀሩ። ወረቀቱ የሚቀበርበት ጥግ ከዛፍ ጀርባ ስለሆነ እሳቸው ካሉበት ምንም አይታይም። ሹብራቲ ዶማውን ትቶ በእጁና በትንሽ መጫሪያ አፈሩን ይጠርጋል፤ እኔ እቀበላለሁ።

«የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም» አለ ሹብራቲ። «ሁሉንም እኩል አክብሬ ነው ያስተኛኋቸው።»

«ወጣ?» አሉ አፓ ከግንቡ ወዲያ።

«አንድ ወጥቷል። ይሄ አይደለም።»

«በምን አወቅህ?»

«ምስጥ ገብቶበታል። ጨርቁን ከነወረቀቱ ነው የበላው።»

ሹብራቲ የሚቀጥለውን አቀበለኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው ነበር፤ ይህንን ሳልነግራቸው ቆየሁ።

«ተጀሙል፣ ዝም አትበለኝ። ክፉም ቢሆን ተናገር።»

«ሁለተኛውም አይደለም፣ አፓ። ተበልቷል።»

ሦስተኛው ከሁሉም ሥር ነበር። ጨርቁ ጭቃ ቢለብስም አልተቀደደም፤ ምስጥ ፖሊስተር አይበላም። ቻቻ ተንበርክከው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው አሹት። «የኔ ነው» ብለው ጮኹ። «ይሄንን ክር ሳፍርበት ነበር።»

ተገኘ ብዬ ለመንገር ወደ ግንቡ ስሄድ አፓ ቀድመው ሰምተውታል። ግንቡን በአንድ እጃቸው፣ ጉልበታቸውን በሌላው ይዘው ጎንበስ ብለው ነበር።

«ረጥቧል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«በአንድ ጎኑ።»

«በራስጌ ነው በግርጌ?»

«በራስጌ።»

የድሮ ቀለም የሚሠራው ከጥላሸትና ከዛፍ ሙጫ ነው። ዘመናት ይኖራል፣ ውሃ ከነካው ግን ይታጠባል፤ ወረቀቱ ይቀራል፣ ጽሑፉ ይሄዳል። ይህንን ሁለታችንም ስለምናውቅ ሌላ አልተነጋገርንም። ቻቻ መጽሐፉን እንደ ሕፃን ታቅፈው ከፊት ሄዱ። ሰፈር ሳንደርስ ዝናቡ ወረደ፤ ኑዕማን ጃንጥላውን የዘረጋው ለመጽሐፉ ነው።

እርጥብ ቅጠል በጣት አይነሳም፤ ደረቅ ወረቀት ከሥሩ ገብቶ ነው የሚነሳው። ገመድ ላይ ከተሰቀለ ይቀደዳል፤ በወንፊት ላይ፣ በጥላ ይነጠፋል። ያን ያህል ወንፊት ስላልነበረኝ በየቤቱ እየዞርኩ ለመንኩ። ሴቶቹ ሰጡኝ፣ «ረመዷን ሲገባ ዱቄታችንን በግጥም ልንነፋው ነው» እያሉ። አፓ መስኮቶቹን ዘግተው ከወንፊት ወደ ወንፊት እየተዘዋወሩ ቅጠል ያገላብጡ ነበር። በእነዚያ ቀናት ደክሞኛል ሲሉ አልሰማኋቸውም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

መሃሉ ድኗል። ከፊትና ከኋላ ያሉት ቅጠሎች ግን ታጥበዋል። አንዳንዱ ላይ የተረፈው በግርጌ ጥግ ያለችው ቃል ብቻ ናት፤ ወደሚቀጥለው ገጽ ትጣራለች፣ የሚቀጥለው ገጽ ግን ባዶ ነው።

«ባዶዎቹን ላውጣቸው?» አልኳቸው። ጠራዥ ባዶ ቅጠል አይወድም፤ የገለጠው ሁሉ ጉድለቱን ለሱ ይሰጠዋል።

«ተዋቸው» አሉ። «እዚያ ላይ ሲናገር የነበረ ሰው አለ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ቦታው ይታይ።»

በፍየል ቆዳ ጠረዝኩት። የተቀደደውን በስስ ወረቀት ደገፍኩ፣ ሙጫው ውስጥ ለብል የሚመርረውን ጨመርኩ፣ ባዶዎቹንም በየተራቸው ሰፋሁ። የቻቻን ጨርቅ አፓ ማቅለሚያ ቤት ልከው ቀይ አስነከሩት። ከዚያ ወዲህ በላይኛው ቤት የሚጠገን መጽሐፍ በነጭ አይጠቀለልም።

ረመዷን ገብቶ፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። አንባቢዎቹ በጾም ከንፈራቸው ደርቆ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ። ቻቻ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው። አፓ ቀዩን ጨርቅ ፈቱ።

«ከመጀመሬ በፊት ይወቁት፣ ቻቻ። ከፊት የለም። ከኋላም ብዙ የለም።»

«ከፊቱንማ መች ሰማሁት?» አሉ ቻቻ። «ያለውን አምጪ። ቁልፉን ከረመዷን በኋላ ታስረክቢያለሽ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አይመስለኝም። መጽሐፉ ረጅም ነው።»

አፓ ፋርስኛውን ያነቡና ትርጉሙን ያስከትላሉ። የመጀመሪያው የተረፈ ግጥም ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ይናገራል፤ ቀን ሙሉ የሰው አቤቱታ ጻፍኩ፣ የኔን ለየትኛው ሹም ልጻፍ ይላል። ሸማኔዎቹ እንደ ልማዳቸው የሚደጋገመውን የስንኙን መጨረሻ አብረው አሉት። ሁለተኛው በኡርዱ ነበር፤ ሚስቱ ስለምትሠራው የምስር ወጥ። ውሃው ውስጥ ምስር ፍለጋ ዋኘሁ፣ ወዳጆቼን እንጂ ምስሩን አላገኘሁም ይላል።

ቻቻ ጉልበታቸውን መቱ። «እናቴ ይሄን ብታነብ ኖሮ ፊተኛውም ኋለኛውም አይተርፍም ነበር» አሉ፤ ቤቱ ሳቀ።

ሦስተኛው ላይ፣ ስንኙ መሃል፣ መብራት መጣ። ማሽኖቹ ከየአቅጣጫው ተነሱ። ሰዎቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ አፓን ተሰናብተው ወረዱ። የአፓ ጉሮሮ ደርቋል፣ አፍጥር እስኪደርስ ውሃ የለም። ጣታቸውን በገጹ ላይ አድርገው መጽሐፉን ገጠሙት።

«በቃ፣ ደክሞኛል» አሉ። «በዚህ ጩኸት ምን ይነበባል?»

ቻቻ ከወንበራቸው አልተነሱም። «የምን ጩኸት?» አሉ። «አፍሽን ወደዚህ አዙሪ።»

አፓ አዩዋቸው። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩና ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ ጀመሩ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ። ጉሮሯቸው አረፈ። የቻቻ ዓይን አልተነቀለም፤ አንድ ጊዜ ፈገግ አሉ፣ አንድ ጊዜ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ምን እንደተባለ እኔ አላውቅም።

እንዲሁ በየቀኑ እያነበቡ የታጠቡት የኋላ ቅጠሎች ላይ ሲደርሱ አፓ በግርጌ ያለችውን አንዲት ቃል አሉ፤ ገለጡ፤ ገጹ ባዶ ነበር። ከንፈራቸውን ገጥመው አንድ ገጽ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ቻቻ ዓይናቸውን ሳያነሱ ጠበቁ። አፓ ቀጣዩን ገለጡ።

ተማሪ ደብተር ይጠብቀኝ ነበርና ወደ ሱቄ ወረድኩ።